ስድቡ ደርሶናል፣ እርማቱ የት ቀረ?

ለቅዳሜው የጌም ውይይት አዘጋጆች
ሀዋሳ

ጉዳዩ፦ «የወደድኩት ጌም» የተባለው ግማሽ ሰዓት ስለመሰረዙ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። አቶቴ አካባቢ ጌም ቤት አለኝ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሐሳቡ ግን የእኔ ብቻ አይደለም። መናኸሪያና ታቦር የሚያስጫውቱ የሙያ ጓደኞቼ አንብበውታል። ቤታችን የሚመጡ ልጆችም አንብበውታል። አንዳንዱን መስመር ያስገቡት እነሱ ናቸው። አንዳንዱን ደግሞ «ይሄ በዛ» ብለው አስወጥተውብኛል።

ባለፈው ወር አዳራሹ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፋችሁ። «የወደድኩት ጌም» ቀርቷል፣ ሰዓቱ በሙሉ «ሙልጭ» ለሚባለው ክፍል ተሰጥቷል ይላል። ለማያውቅ አንባቢ፣ ሙልጭ ማለት አንድ ጌም ተመርጦ በማይክ የሚብጠለጠልበት ክፍል ነው። ምክንያታችሁንም ከሥሩ ጽፋችኋል፦ «ተሳታፊው የሚወደው ይህንን ስለሆነ።»

እውነት ነው፣ ይወደዋል። ሙልጭ ሲጀመር ወንበር አይገኝም። «የወደድኩት ጌም» ሲጀመር ደግሞ ግማሹ ሰው ሻይ ሊጠጣ ይወጣ ነበር። ይህን አልክድም። ግን ሰው ለምን ይህን እንደሚወድ ሳይጠየቅ ውሳኔ ተወሰነ። ውሳኔው ደግሞ እኛን ጎድቶናል። እንዴት እንደጎዳን ላስረዳ።

ከዋጋው ልጀምር። አንድን ጌም ወደድኩት ለማለት መጫወት ያስፈልጋል። ገንዘብ ይወጣበታል። ሰዓት ይወጣበታል። እኛ ቤት ደግሞ ወረፋም አለው። ማብጠልጠል ግን በነጻ ነው። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ያየ፣ ጓደኛው ሲስቅበት የሰማ ሰው ማይክ መያዝ ይችላል። ሁለቱ ክፍሎች እኩል ሰዓት በነበራቸው ጊዜ እንኳን ፉክክሩ እኩል አልነበረም። አሁን ደግሞ ርካሹን ብቻ አስቀራችሁ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረ አንድ ቅዳሜ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ቤቴ የሚመጣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ተነሳ። ፔስ 2021 የተባለው የኳስ ጌም ላይ የሀዋሳ ከተማን ቡድን በእጁ ሠርቶታል። ማሊያውን ስሎ አስገብቷል። የተጫዋቾቹን ስም፣ ቁመት፣ በየትኛው እግራቸው እንደሚመቱ ሳይቀር አንድ በአንድ ሞልቷል። ስታዲየም ገብቶ በዓይኑ ያየውን ነው የሞላው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ወደ ሰዉ ሲያዞር ከኋላ አንዱ «ብሮ፣ ገና ፔስ ላይ ነህ እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ልጁም አብሮ ለመሳቅ ሞከረ። ከዚያ ስልኩን ኪሱ ከቶ ተቀመጠ። ማሊያውን ያየው የፊተኛው መደዳ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የተነሳው ወጣት አዲሱን የኳስ ጌም አብጠለጠለ። በረኞቹ ዕውር ናቸው፣ ዳኛው የተገዛ ነው፣ ካምፓኒው ሌባ ነው አለ። በጭብጨባ ወረደ። ማታ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ፤ የት እንደተጫወተው ጠየቅኩት። «ኧረ እኔ አልተጫወትኩትም፣ ፒኤስ ፋይቭ ከየት አምጥቼ!» አለኝ፣ ቅር ሳይለው። ፒኤስ ፋይቭ ማለት አዲሱ የሶኒ ፕሌይስቴሽን ማሽን ነው። አልዋሸም እኮ። ተጫውቻለሁ አላለም። መድረኩ ላይም የጠየቀው የለም።

ታዲያ ለምን ተጨበጨበለት? እዚህ ከተማ ጌም የሚያወድስ ሰው ፋራ ነው። ምንም የማይጥመው ግን አራዳ ነው፤ ብዙ ያየ፣ በቀላሉ የማይሸወድ። ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። በ1983 ቴሬሳ አማቢሌ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ የመጽሐፍ ግምገማዎችን በሁለት መልክ፣ በሚያወድስና በሚነቅፍ አቀራረብ፣ ለሰዎች አስነብበው ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የጌሙ ዓለም የሚቆጥረው እንደዚያ ነው።) አንባቢዎቹ ነቃፊውን ይበልጥ ብልህና አዋቂ አድርገው ገመቱት። እንደ ሰው ግን አልወደዱትም። እኛም አዳራሽ የሚሆነው ይኸው ነው። ባለ ሙልጩ ልጅ ዕውቀት ያለው ይመስላል። ዕውቀቱ ግን ቅድም አንድ ቡድን ሙሉ በእጁ ሠርቶ በመጣው ልጅ ኪስ ውስጥ ነበር።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱን ለማየት የእኔ ቤት ይበቃል። እኛ ጋ ተሸናፊ ይከፍላል። አምስት ለዜሮ ያሸነፈ ልጅ ሁለት ደቂቃ ይጨፍርና ይረሳዋል። በመጨረሻው ደቂቃ በአንድ ጎል የተሸነፈ ግን እስኪመሽ ያወራዋል። ጆይስቲኩ ነው ይላል። አናሎጉ ብቻውን ይሄዳል ይላል። አጠገቡ የቆመው ልጅ ስላስነጠሰ ነው የሚልም አጋጥሞኛል። ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ያሳተሙት ጥናት ሰው ያጣው ነገር ካገኘው እኩያው ይልቅ እንደሚከብደው አሳይቷል። እነሱ በገንዘብ ምርጫ ነው ያሳዩት። እኔ በኳስ ጌም በየቀኑ አየዋለሁ። በ2001 ደግሞ ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስበው ሲያዩ፣ በትዝታም በሰው ግንኙነትም መጥፎው ከጥሩው የበለጠ እንደሚከብድ ደምድመዋል። እና ልጆቻችን ክፉ ሆነው አይደለም። የሰው ጭንቅላት እንዲህ ነው የተሠራው።

ችግሩ የሚመጣው ይህን ድክመት አውቆ በላዩ ላይ ፕሮግራም የሚሠራ አካል ሲኖር ነው። በ2023 የወጣ አንድ ጥናት ከመቶ ሺህ በላይ የዜና ርዕስ ዓይነቶችን መርምሮ፣ ርዕሱ ላይ አንድ አሉታዊ ቃል በተጨመረ ቁጥር የሚከፍተው ሰው በ2.3 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አገኘ። ትንሽ ትመስላለች። ለሻጭ ግን ትበቃዋለች። ፌስቡክም በ2017 የተናደደችውን ፊት ከላይክ አምስት እጥፍ አስበልጦ ይቆጥር ነበር። ሰው የሚናደድበት ጽሑፍ ይበልጥ እየተገፋ ይወጣ ነበር ማለት ነው። በኋላ ጉዳቱ ሲታይ ክብደቷን እየቀነሱ፣ በ2020 ዜሮ አደረጓት። እነሱ እንኳን የተዉትን ነገር እናንተ በወረቀት ለጥፋችሁ ጀመራችሁት። እነሱ ገንዘብ ያገኙበት ነበር። እናንተ ምን እንደምታገኙበት አልገባኝም፤ መግቢያው በነጻ ነው።

አሁን ዋናው ቅሬታዬ ጋ ልምጣ። ስድብ ሀዋሳ በሰዓቱ ይደርሳል። እርማት አይደርስም።

ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውን ጌም እንውሰድ። ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ወጣ። በተለይ በቀድሞው ማሽን፣ በፒኤስ ፎር ላይ ብልሽቱ ለጉድ ነበር። በሳምንቱ ሶኒ ከመደብሩ አወረደው፣ ለገዙትም ገንዘባቸውን ልመልስ አለ። በዚያ ሳምንት ሀዋሳ ውስጥ ጌሙን የነካ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ስድቡን ግን ሁሉም ያውቀው ነበር። መኪና ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያሳየው ቪዲዮ የሁሉም ስልክ ላይ ነበር። ከዚያ ሠሪዎቹ ዓመታት ለፍተው አስተካከሉት። ጁን 2021 ወደ መደብሩ ተመለሰ። ሴፕቴምበር 2023 ላይ 2.0 የተባለው ትልቁ አፕዴት ወጣ፤ ያን ጊዜ ቀድሞ ከሰደቡት ብዙዎቹ ሳይቀሩ አወደሱት። ይህኛው ዜና ግን አቶቴ አልደረሰም። ባለፈው ወር እንኳን ሙልጭ ላይ ስለዚህ ጌም የተነገረው በሙሉ የ2020 ወሬ ነው። ያው የተንጠልጠለው መኪና ነው።

እዚህ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ ማንም ሲናገረው ያልሰማሁትም ይህንን ነው። 2.0 ለፒኤስ ፎር አልወጣም። ሲወጣ ለፒኤስ ፋይቭ፣ ለአዲሱ ኤክስቦክስና ለኮምፒውተር ብቻ ነበር። ሀዋሳ ካለው ጌም ቤት አብዛኛው ፒኤስ ፎር ነው። ከዚያም በላይ፣ ሲዲው ላይ ያለው መጀመሪያ የታተመው ነው። ከ2020 በኋላ የተደረገው ጥገና በሙሉ በኢንተርኔት የሚወርድ ነው፤ እሱም በአሥር በአሥር ጊጋ ይቆጠራል። በሞባይል ፓኬጅ ይህን የሚያወርድ ጌም ቤት ካለ አሳዩኝ። እና የድሮውን ሲዲ ገዝቶ ያለ ኢንተርኔት የሚከፍት ሰው ዛሬም የሚያገኘው ያንኑ የተሰደበውን ጌም ነው።

ስለዚህ አንድ ልጅ «ሳይበርፐንክ ቆሻሻ ነው» ሲለኝ ልክ ነው። ልክ የሆነው ግን በሰማው ምክንያት አይደለም። ውጭ አገር «አሁን ምርጥ ሆኗል» የሚለው ሰውም ልክ ነው፣ ለእኛ ግን አይሠራም። አንድ አስጫዋች ማወቅ የሚፈልገው ይህንን ነው። ይህ ሲዲ የትኛው ስሪት ነው? ያለ አፕዴት ይጫወታል? ስንት ጊጋ ይወስዳል? ያለ ኢንተርኔት ሁለት ሰው ያጫውታል? ይህን ቅዳሜ ቅዳሜ ብትነግሩን ኖሮ ብዙዎቻችን ባልሆነ ሲዲ ላይ ገንዘባችንን አናፈስስም ነበር። ሙልጭ ላይ ግን «ቆሻሻ ነው» ከተባለ በኋላ የሚጠይቅ የለም። ጉዳዩ ያኔ ይዘጋል።

ሌላም አለ። የፔስ ሠሪ የሆነው ኮናሚ ፔስን ትቶ ኢፉትቦል የተባለውን የኳስ ጌም ያወጣው ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ነው። የተጫዋቾቹ ፊት የተቃጠለ ሰም መስሎ ነበር። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መደብር ላይ፣ በተጫዋቾች አስተያየት በአንድ ቀን ከመጨረሻዎቹ ተርታ ተሰለፈ፤ ኮናሚም ወዲያው ይቅርታ ጠየቀ። ስድቡ የሚገባው ነበር። ኤፕሪል 2022 ላይ የተስተካከለውን ስሪት አወጡ፣ ከዚያ በኋላም እየሠሩበት ነው። አሁን ደጃፌ ላይ ተራ የሚጠብቁት ልጆች በስልካቸው የሚጫወቱት ምን ይመስላችኋል? ኢፉትቦል ነው። በስልክ ይወዱታል፣ በማይክ ይሰድቡታል። አንዱን «ታዲያ ለምን አትናገርለትም?» ብዬ ስጠይቀው «ሙድ ይያዝብኝ?» አለኝ።

ኖ ማንስ ስካይ የተባለው ጌምም እንዲሁ ነው። ኦገስት 2016 ሲወጣ ቃል የተገባው ብዙ ነገር አልነበረበትም። ዓለም ሁሉ ውሸታም አላቸው። ትንሿ ካምፓኒ ዝም ብላ ለዓመታት በነጻ እየጨመረች፣ በ2024 የስቲም ተጫዋቾች አጠቃላይ አስተያየት «በጣም ጥሩ» የሚለው ደረጃ ላይ ደረሰ። ስምንት ዓመት ፈጀባቸው። ስሙን ለማጥፋት ግን አንድ ሳምንት በቅቶ ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታ ስለ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነው። ስሙን አልጠራም፣ እሱም እንዲጠራ አይፈልግም። የስልክ ጌም ሠርቶ ነበር። በሐይቁ ላይ ታንኳ ትቀዝፋለህ፣ ዓሣ ታጠምዳለህ፣ ከጉማሬ ትሸሻለህ፣ አሞራ ገደል ስትደርስ ያጠመድከውን ትሸጣለህ። ጉማሬው ትንሽ ሣጥን ይመስላል፣ እሱ ልክ ነው። ታንኳውን ግን ስታዞረው ውኃው ወደ ጎን ይገፋሃል። ያን ያህል አስቦበታል። አስተያየት ፈልጎ ወደ እናንተ አመጣው። እናንተም ሙልጭ ላይ አደረጋችሁት። አንድ ሰው ለብቻው በተበላሸ ላፕቶፕ የሠራውን ትልቅ ካምፓኒ ከሠራው ከጂቲኤ ጌም ጋር አወዳድረው ሳቁበት። ግራፊክሱ፣ ድምፁ፣ ፊደሉ ሳይቀር ተብጠለጠለ። ውኃው ስለሚገፋው ነገር የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም ያን ለማየት አሥር ደቂቃ መጫወት ያስፈልጋል። ልጁ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ጌሙንም ከጓደኞቹ ስልክ አስጠፍቷል።

ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን ፍላፒ በርድ የተባለውን የስልክ ጌም ብቻውን ሠርቶ በ2014 መጀመሪያ በዓለም ቁጥር አንድ ሆኖ ነበር። ገንዘቡም እየጎረፈለት ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ በገዛ እጁ ከመደብሩ አወረደው። ጌሙ ሱስ ሆኗል ብሏል፣ ቀላሉን ኑሮዬንም አበላሸብኝ ብሏል። በዓለም አንደኛ የሆነ ሰው ግርግሩን ካልቻለው፣ አንድ የሀዋሳ ተማሪ ሙሉ አዳራሽ ሲስቅበት እንዴት ይችላል? በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ የሚጫወቱት ጌም የለም ብላችሁ ደጋግማችሁ ታማርራላችሁ። ማን ይሥራው ታዲያ?

ስለ እኛ ስለ አስጫዋቾች አጭር ነገር ልበል። ጌም ቤት ድሮም ስሙ አይጠራም። ከትምህርት ቤት የሚያስቀር፣ ልጅ የሚያበላሽ ቦታ ተደርጎ ነው የሚታየው። አንዳንዱ ስሞታ እውነት ነው፤ በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የሚያስገባ አለ፣ ይወቀስ። ግን አሁን ወላጅ ስለ ጌም የሚሰማው ከራሳቸው ከተጫዋቾቹ አፍ ነው፤ በማይክ፣ ሁሉም ጌም ቆሻሻ እንደሆነ። አንዲት እናት ልጃቸውን ከቤቴ ሲያወጡት «እናንተው ራሳችሁ ቆሻሻ ነው ትሉ የለ!» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ታዲያ አትተቹ ልትለን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይደለም። ይህም ደብዳቤ ቅሬታ ነው። ጌም ተጫዋች ባይጮህ ኖሮ ካምፓኒዎቹ በልተውን ነበር። በ2017 ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2 የተባለው ጌም ሊወጣ ሲል ዳርዝ ቬደር የተባለውን ገጸ ባሕርይ ለመክፈት ወደ 40 ሰዓት መጫወት እንደሚያስፈልግ ተጫዋቾች አሰሉ። ያ ካልሆነ ደግሞ ገንዘብ ነው። ካምፓኒው ኢኤ የሰጠው መልስ ከ600 ሺህ በላይ ተቃውሞ ተቆለለበት፤ ለዓለም ክብረ ወሰን በቃ። ጌሙ ሊወጣ ሰዓታት ሲቀሩት ክፍያውን አነሱት። በ2018 የቤልጂየም መንግሥት ጌም ውስጥ ውስጡ ያልታወቀ ሣጥን በገንዘብ መሸጥ ቁማር ነው ብሎ ወሰነ፤ ፊፋ የተባለውን የኳስ ጌምም ጨምሮ።

ሄልዳይቨርስ 2 የተባለው ጌም ነገር ደግሞ እኛንም ይነካል። ሜይ 2024 ላይ ሶኒ በኮምፒውተር የሚጫወቱትን ሁሉ የፒኤስኤን (የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ) አካውንት ካልከፈታችሁ አትጫወቱም አለ። ፒኤስኤን በአፍሪካ በይፋ የሚሠራው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። ጌሙ ፒኤስኤን በሌለባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ከሽያጭ ወረደ። ገንዘብ ከፍሎ የገዛ ሰው ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ተጫዋቾች በጥቂት ቀናት ከ200 ሺህ በላይ መጥፎ አስተያየት አወረዱበት። ሶኒ ተመለሰ፤ ትእዛዙን አነሳ።

ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። እነዚያ ሰዎች የጮኹት ለአንድ አካል ነው፣ አንድ ነገር ጠይቀው፣ ሲመለስላቸውም አቆሙ። ሙልጭ ግን ለማንም አልተጻፈም። ምንም አይጠይቅም። ጌሙ ነገ ቢስተካከል ደስ አይለንም፤ እንዲያውም መሳቂያ እናጣለን። ሀዋሳ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ያለው ሰው አካውንት ሲከፍት አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ነው የምኖረው ብሎ ይሞላል። ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ቀን ቢዘጋብን ስሞታ የምናቀርብበት ቦታ የለም። ከፕሌይስቴሽን መደብር በብር ከፍሎ ጌም መግዛት አይቻልም። ይህ እውነተኛ በደል ነው፤ ሊጮህበት የሚገባ ነው። ሙልጭ ላይ ግን አንድም ቀን ሲነሳ አልሰማሁም። አያስቅማ።

«የወደድኩት ጌም» አሰልቺ ነበር የምትሉት ግን ልክ ነው። እኔም አዛግቼበታለሁ። ሰው ይነሳና «ጌሙ አሪፍ ነው፣ ግራፊክሱም አሪፍ ነው፣ በቃ አሪፍ ነው» ብሎ ይቀመጣል። ይህን ማን ይሰማል? ግን ጥፋቱ የማወደሱ ሳይሆን የአመራሩ ነው። አወያዩ «የቱ ጋ ነው አሪፍ? እስቲ አንዱን ቦታ ንገረን» ብሎ አይጠይቅም ነበር። ማሊያ የሠራውን ልጅ «ለመሆኑ የግብ ጠባቂውን ቁመት ከየት አመጣኸው?» ብላችሁት ቢሆን አዳራሹ ጸጥ ብሎ ይሰማው ነበር። እኔ ጠይቄዋለሁ፤ ልምምድ ሜዳ ድረስ ሄዶ በሩ ጎን ቆሞ ለክቶት ነው የመጣው። ይህ ከየትኛው ሙልጭ ያንሳል?

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ግማሽ ሰዓቱ ይመለስ። ሙልጭን አጥፉ አላልንም፤ ልጆቹ ይስቁ። ግን ሁለቱም ላይ ማይክ የሚይዝ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር ይናገር፦ በምን ማሽን እንደተጫወተ፣ የትኛውን ስሪት እንደተጫወተ፣ ምን ያህል እንደተጫወተ። ያልተጫወተ ሰው «አልተጫወትኩትም» ብሎ ይጀምር፤ መናገር አይከልከል፣ ሰሚው ግን ይወቅ።

አንድ ጌም ሙልጭ ከተደረገ ዓመት ሲሞላው ተመልሶ ይታይ። ተስተካክሎ ከሆነ በዚያው ማይክ ይነገር። ለእኛ ማሽን ካልተስተካከለም እንዲሁ ይነገር። ለመጀመሪያው ሳይበርፐንክ ይሁን፤ በፒኤስ ፎርና በፒኤስ ፋይቭ ጎን ለጎን የሚያሳይ አስጫዋች ከመካከላችን እናዘጋጃለን። ቴሌቪዥኑንም ማሽኖቹንም ተሸክመን የምናመጣው እኛ ነን።

በከተማችን ልጆች የተሠራ ጌም ሙልጭ ላይ አይቅረብ። ለብቻው ሰዓት ይሰጠው፣ መጀመሪያ አምስት ሰዎች ይጫወቱት፣ ከዚያ አስተያየት ይስጡ። አስተያየቱ የከረረ ቢሆንም ችግር የለም፤ ከተጫወተ ሰው ይምጣ እንጂ። የታንኳውን ጌም የሠራውን ተማሪም እናንተው ሄዳችሁ አናግሩት። አድራሻው እኛ ጋ አለ፣ ፈቃዱን ጠይቀን እንሰጣችኋለን።

በወር አንድ ጊዜ ደግሞ ከቅዳሜዎቹ አንዱ ለእውነተኛ ቅሬታ ይሁን፤ የአካውንት ነገር፣ የክፍያ ነገር፣ ያለ ኢንተርኔት የማይከፈቱ ሲዲዎች ነገር። ያን ቀን የሚነገረው ይጻፍና ለሚመለከተው ካምፓኒ በስማችን ይላክ። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ልጆች ቤታችን ሞልተዋል።

ማስታወቂያውን የለጠፋችሁት ሳትጠይቁን ነው። መልሱን ግን ተገናኝተን ብንነጋገርበት እንመርጣለን። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ባዶ ነን፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣

በሀዋሳ አቶቴ የጌም ቤት አስጫዋች፣
በመናኸሪያና በታቦር ባሉ የሙያ ባልደረቦቹና በደንበኞቻቸው ስም